«ጋሼ፣ ፈንድ ከየት ይገኛል?»

«ጋሼ፣ ብክለትን ለሚታገለው ማኅበራችን ፈንድ ከየት ይገኛል?» የምትሉኝ ልጆች በዝታችኋል። አንዳንዶቻችሁ በሰፈራችሁ የሚያልፈው ወንዝ ሽታ ያስመረራችሁ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ቆሻሻ መድፊያ አጠገብ ያደጋችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የድጋፍ ማመልከቻ ሳነብና ገንዘቡ የገባበትን ሰፈር ስዞር ነው። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው።

ችግኝ መትከልና ሰፈር ማጽዳት መልካም ነው፤ ደጋፊም አያጣም። ማንንም አያስቀይምማ! ገንዘብ የሚቸግረው ሌላ ጥያቄ የሚያነሳው ማኅበር ነው። ቆሻሻው ለምን እኛ ደጅ ተደፋ? ማን ወሰነ? እኛንስ ማን ጠየቀን?

ቆሼን አስቡት። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለሃምሳ ዓመት ያህል እዚያ ሲከመር ኖረ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተና መኪኖቹ ወደዚያ ዞሩ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሽታውና ፈሳሹ መሬታችንንና ከብታችንን ጎዳ ብለው ተነሱ። ዓመት ሳይሞላው ሥራው ቆመ፣ መኪኖቹም ተመልሰው ቆሼ ገቡ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቆሻሻው ከአንዱ ደሃ ደጅ ወደ ሌላው ደሃ ደጅ ሲመላለስ ነበር ማለት ነው። የሁለቱን ቦታ ሰዎች አንድ ላይ አስቀምጦ ለማነጋገር የሚያስፈልገው የትራንስፖርትና የሻይ ወጪ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲመጣ ግን ገንዘብ ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሚለካ ውጤቱ ምንድነው?» ነው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ትቶ ወደ ችግኝ የመሸሽ ልማድ ምክንያት አለው። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ያግድ ነበር። ያኔ የፍትሕን ጥያቄ «ችግኝ ተከላ» ብሎ መሸፈን ተለመደ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ወጣና ያ እገዳ ተነሳ። ልማዱ ግን ገና አልለቀቀንም፤ ዛሬም ማመልከቻ ስትጽፉ እጃችሁ ሳታውቁት ወደ ችግኝ ይሄዳል።

እስቲ እውነተኛው ወጪ የት እንዳለ ልንገራችሁ። አቃቂ ወንዝ ዳር ያላችሁ ልጆች «ፋብሪካው መረዘን» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። ፍሳሹ ከሚወጣበት ቱቦ በላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከበታቹ አንድ ጠርሙስ ውኃ ትቀዳላችሁ። ጠርሙሱ ንጹሕ ይሁን። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበት። በረዶ ባለበት ሳጥን ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ ይድረስ። ቆዳ ፋብሪካ ከሆነ ቆዳ ለማልፋት የሚገባውን ክሮሚየም የሚባል ብረት አስመርምሩ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ከዚያ ሕጉ አለ። ስለ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካዩን ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ ከዚያ በኋላ ባለው 60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ቀኑን የሚቆጥር፣ ፋይል ይዞ የሚመላለስ፣ «ነገ ና» ሲባል ነገ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው የቀን ሠራተኛ ከሆነ በሄደበት ቀን ቤቱ ምን ይበላል? ገንዘብ የምትጠይቁት ለዚህ ይሁን። ሆቴል ውስጥ ለሚሰጥ ሥልጠና አይሁን።

አበልንም ተጠንቀቁ። ለስብሰባ አንዴ የውሎ አበል ከከፈላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ሰው የሚጠይቃችሁ አጀንዳውን አይሆንም። በነጻ ሲመጣ የነበረው ጎረቤት እንኳ ይቀራል።

ከየት ይገኛል ላላችሁት፣ አንዱ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ አነስተኛ ድጋፍ (በእንግሊዝኛ GEF Small Grants Programme የሚሉት) ነው። ጣሪያው ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር። በቀጥታ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚሰጥ በመሆኑ እወደዋለሁ። ግን ለጀማሪ ማኅበር ይህም ይበዛል ባይ ነኝ። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ የተቀበላችሁትን ብርና ያወጣችሁትን በዕድራችሁ ስብሰባ ላይ፣ ሴቶቹም ሽማግሌዎቹም ባሉበት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ማንበብ ትችላላችሁ? ካፈራችሁ ገንዘቡ በዝቶባችኋል።

ከዚያ በፊት ግን ከራሳችሁ ሰፈር አዋጡ። ትንሽ ትሆናለች፣ አውቃለሁ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ በአንድ ሰጪ ላይ የቆሙ ስንት ድርጅቶች ሠራተኛ እንደበተኑ አይታችኋል። የወር መዋጮ ያለው ማኅበር ይደኸያል እንጂ ቢያንስ ተሰብስቦ ደብዳቤ ይጽፋል።

የምትከሱት ፋብሪካ «ለወጣቶቹ ኳስ ሜዳ ልሥራ» ብሎ ሲመጣስ? ይመጣል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እናንተ ግን እንዲህ አትቸገሩ። ሜዳውን ከወረዳው ጠይቁ።

ደሞ አንድ ቀን አንዳንዶቻችሁ ገንዘብ ሰጪው ቢሮ ውስጥ ትቀጠራላችሁ። ያኔ ወንበሩ ይመቻል፣ ሰፈሩ ይርቃል። ያው አዋጅ ቁጥር 1113 የአንድ ማኅበር የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በዓመት 300,000 ብር ላገኘ ማኅበር ይህ 60,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኦዲት። ስለዚህ ሌላውን የበጀት መስመር አታጥብቡባቸው። ናሙናውን የሚቀዳው ሰው ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው ብላችሁ ተከራከሩላቸው። ማመልከቻ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተቀበሉ፤ መጻፍ የሚከብዳቸውን እናቶች ሄዳችሁ አዳምጡና እናንተው ጻፉላቸው። የባጃጅ ደረሰኝ አምጡ የሚል መመሪያ ካያችሁም አሰርዙት። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም። ቀን፣ መነሻና መድረሻ፣ የተከፈለው ብርና የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት ወረቀት ይበቃል።