አማካሪዬን ምን ብዬ ልጥራቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የመንዝ መሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ የምማረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። የመመረቂያ ጽሁፌን የሚያማክሩኝ መምህር ረዳት ፕሮፌሰር ናቸው ግን ፒኤችዲያቸውን ገና አልጨረሱም። ግማሹ ተማሪ ዶክተር ይላቸዋል፣ ሌላው ፕሮፌሰር፣ እኔ ቲቸር ስላቸው ደግሞ ጓደኞቼ "ናቅሻቸው እኮ" ይሉኛል። ሽፋኑ ላይስ ምን ብዬ ልጻፍ? ውጭ አገር ላለ ፕሮፌሰርም ኢሜይል ልልክ ነው፣ በየትኛው ስሙ ልጥራው?

መልስ፦ እህታችን፣ ቲቸር ማለትሽ ምንም ንቀት የለበትም፣ መንዝ ያደገ ሰው አንቱታውን መቼም አይረሳውም፣ ክብሩ እዛ ውስጥ አለ። ጓደኞችሽ ያምታቱት ዲግሪና የስራ ማዕረግን ነው። ዶክተር የሚባለው ፒኤችዲውን የጨረሰ ወይ ሐኪም የሆነ ነው፣ ረዳት ፕሮፌሰርነት ግን ከግራጁዌት አሲስታንት ተነስቶ በሌክቸረር አልፎ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር የሚያድግ የስራ ደረጃ ነው፣ በማስተርስ ብዙ ዓመት አስተምሮ፣ ጥናት አሳትሞ እዛ የደረሰ መምህር አለ። እሳቸውን ዶክተር ማለት ታዲያ ማክበር አይደለም፣ ጽሁፍሽን በምታቀርቢበት በዲፌንስ ቀን ከውጭ በመጣው ፈታኝ (ኤክስተርናሉ) ፊት ያሸማቅቃቸዋል። አሜሪካ ረዳቱንም ተባባሪውንም ፕሮፌሰር ብለው ይጠሩታል፣ እኛ ጋ ግን ፕሮፌሰር እገሌ የምንለው ሙሉውን ማዕረግ ያገኘውን ነው። ሽፋኑ ላይ ሙሉ ስማቸውን ጽፈሽ ከጎኑ በቅንፍ ረዳት ፕሮፌሰር በይ፣ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፣ ወንዱን መምህር ማስተርስ ይዞ እንኳ ዶክተር እያላችሁ ፒኤችዲዋን የጨረሰችውን ሴት መምህር ሚስ የምትሉት ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ልጅ እያሳደገች ሌሊት እየተነሳች የሰራችው ዲግሪ ነው እኮ! ኮሪደር ላይም ክፍል ውስጥም ዶክተር ብላችሁ ጥሯት፣ አንቺ ከጀመርሽው ሌላውም ይከተላል።

ወደ ኢሜይሉ ስንመጣ፣ እኛ ማዕረጉን ከራሱ ስም ጋር ነው የምናያይዘው፣ በአባቱ ስም ብንጠራው አባቱን ጠራን ማለት ነው፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሰው ግን ፕሮፌሰር ብለሽ የቤተሰብ ስሙን አስከትይ፣ ጀርመን ከሆነ ፕሮፌሰር ዶክተር ብለው ሁለቱንም ደርድረው ይጽፋሉ። እሱም ሲመልስልሽ በአባትሽ ስም ሊጠራሽ ስለሚችል ከፊርማሽ ስር መጠሪያሽ የመጀመሪያው ስም እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፊለት።