አዲስ ጎሚኒ ቶሎ የሚቀደደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ አለኝ። ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ የብረት ዘንግ)፣ ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረቡ ቅስት ብረቶች) ነው። ባዶውን ቆሞ እንኳ ኋላው ዝቅ ይላል። አሞርዛተሮቹን አስቀየርኩ፣ ምንም አልተነሳም። ከፊት ደግሞ ፍሬን ስይዝና ጉድጓድ ሲመታ ቋ ይል ስለነበር የታችኛው ኮንትሮል አርም (የፊት እግሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ) ጎሚኒዎች (በመጋጠሚያው ውስጥ ያሉት የጎማ ቁራጮች) ተቀየሩ። ድምፁ ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመለሰ። ሲፈታ አራቱም አዲስ ጎሚኒዎች ተቀደው ተገኙ። መካኒኩ ዕቃው ጥሩ አይደለም ይላል፣ ዕቃ ሻጩ ደግሞ የገጠመው ሰው አያውቅም ይላል። ማንን ልመን? ከጎማ በተሠራው ፋንታ ጠንካራውን የፖሊዩሬቴን (ፕላስቲክ መሰል) ጎሚኒ ላስገባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኋላውን በአጭሩ ልመልስልዎትና ወደ ፊተኛው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ሥራው ባሌስትራው ሲነጥር እንቅስቃሴውን ማብረድ ብቻ ነው። ስለዚህ የወረደ መኪና አሞርዛተር ተቀይሮለት አይነሳም። ኋላውን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ እሱ ደግሞ ወይ ተለጥጦ ቅስቱን አጥቷል፣ ወይ ከብረቶቹ አንዱ ተሰብሯል። የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥር ይግቡና በተለይ የመሃሉ ብሎን ባለፈበት ቀዳዳ አካባቢና ብረቶቹን አንድ ላይ በያዙት ማሰሪያዎች አጠገብ ይመልከቱ። በሁለት ብረቶች መካከል ቀይ የዝገት ዱቄት የሚረግፍበት ቦታ ካለ ብሩሽ አድርገው በደንብ ይዩት፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እዚያ ይደበቃል። ስብራት ከሌለና ቅስቱ ብቻ ከጠፋ ሙሉ ባሌስትራ መቀየርን እመርጣለሁ። የተለጠጠውን በመዶሻ ቀጥቅጦ መልሶ ማጉበጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በትክክል ተግሎና ቀዝቅዞ ጥንካሬው ካልተመለሰለት ጭነት ሲያይ ቶሎ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጎሚኒው። የነገሩኝን ሳየው ጥርጣሬዬ የሚያመዝነው ወደ ዕቃው ሳይሆን ወደ አገጣጠሙ ነው። አራቱም ባንድ ሰሞን መቀደዳቸው ነው ይህን ያስባለኝ።

የኮንትሮል አርም ጎሚኒ ሦስት ነገር ነው፦ አርሙ ውስጥ ተጨምቆ የሚገባ የውጭ ብረት፣ ብሎኑ የሚያልፍበት የውስጥ ብረት፣ በሁለቱ መካከል የተጣበቀ ጎማ። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ብረት ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር ይቆለፋል፣ ጨርሶ አይዞርም። አርሙ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ታዲያ ይህ እንቅስቃሴ ሁሉ የሚከናወነው በጎማው መጠምዘዝ ነው። ጎማው «ያረፈበት» ብሎ የሚያውቀው ቦታ ደግሞ ብሎኑ የጠበቀበትን ቦታ ነው።

መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ የመኪናው የፊት እግር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎት ከሆነ፣ መኪናው መሬት በነካበት ቅጽበት የጎሚኒው ጎማ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ቆሞ ሲያድር እንኳ ተጠምዝዞ ያድራል። ጉድጓድ ሲመጣ ከነበረበት ላይ ይጨመርበታል፤ ከአቅሙ በላይ ይሆንና ከውስጡ ብረት ላይ ይላቀቃል። ዕቃው የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን ይህን አይችለውም።

የወጡትን አሮጌ ጎሚኒዎች ካልጣሏቸው እጅዎ ላይ ይዘው ይመርምሯቸው። ጎማው አሁንም ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ከውስጡ ብረት ዙሪያውን ተላቆ ከሆነ፣ ብረቱም በጣት ሲነካ የሚሽከረከር ከሆነ፣ በመጠምዘዝ የሞተ ነው። ደርቆ፣ ላዩ በጥቃቅን መስመሮች ተሰነጣጥቆ ከሆነ ዕድሜ ነው፤ አዲስ ተብሎ የተሸጠልዎት መደርደሪያ ላይ ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ መካኒኩ እውነቱን ነው። አብጦ፣ ተጣብቆ፣ ሲጫኑት የሚቦካ ከሆነ ደግሞ ዘይት ወይም ግራሶ ነክቶታል። ለዚህ ነው የጎማ ጎሚኒ ሲገባ ግራሶ አይቀባም የምለው፤ ማለስለሻ ካስፈለገ የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ሲገጠም እንዲህ ያድርጉ። ገና ምንም ሳይፈታ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ከፊት ጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ክፍል) ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ለግራና ለቀኝ ይጻፉ። የአርሙ ብሎኖች ላይ ምልክት ያለባቸው፣ ቀዳዳቸው ከመሃል ወጣ ያለ ሮንዴላዎች (የብሎን ቀለበቶች) ካሉ፣ የቆሙበትን ቦታ በቀለም ሳያሰምሩ አይፍቷቸው፤ የጎማው አቀማመጥ የሚስተካከለው በእነሱ ነው። አዲሱ ጎሚኒ ገብቶ አርሙ ሲመለስ ብሎኖቹን እስኪይዙ ብቻ ያጥብቁ። ጎማውን አስረው መኪናውን ያውርዱ፣ ፊቱን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት፣ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ይግፉት። ያን ጊዜ፣ ክብደቱ በራሱ እግር ላይ ሆኖ ሳለ፣ በቶርክ መፍቻ አምራቹ በመመሪያው በሰጠው ልክ ያጥብቁ። ከሥር ለመግባት ቦታ ካጣ ሻንሲው በመደገፊያ ብረት ላይ ይቀመጥና ክሪኩ ከታችኛው አርም ሥር ገብቶ መጀመሪያ የለኩት ርቀት እስኪመለስ ያንሣው፤ ውጤቱ ያው ነው።

የእርስዎ መኪና ቶርሽን ባር ስላለው አንድ ነገር ይጨመራል። ባሩ ተጠምዝዞ ነው መኪናውን የያዘው፤ ማስተካከያ ብሎኑ ሳይላላ የታችኛውን አርም ወይም ቦል ጆይንቱን (አርሙን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘውን ኳስ መሰል መጋጠሚያ) የሚፈታ ሰው አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ከማላላትዎ በፊት የብሎኑ ጥርስ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ ይለኩ፣ ባሩና ጫፉ የሚገባበት ብረት ላይ አንድ መስመር በቀለም ያሳልፉ። የግራውና የቀኙ ባር አይቀያየሩም፤ ሲሠሩ በየራሳቸው አቅጣጫ የተጠመዘዙ ናቸው። ሲመለስ መጀመሪያ የመኪናው ከፍታ ይስተካከል፣ የጎሚኒ ብሎኖች ከዚያ በኋላ ይጥበቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ከፍታውን ሲያስተካክሉ አዲሱን ጎሚኒ እንደገና ይጠመዝዙታል። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው።

ስለ ፖሊዩሬቴኑ፦ በእሱ አሠራር የውስጡ ብረት እየተንሸራተተ ስለሚዞር በመጠምዘዝ አይቀደድም። ነገር ግን የራሱን ግራሶ ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ይንቋቋል፤ የመንገዱንም ንዝረት ወደ ሻንሲውና ወደ መሪው ያመጣዋል። ለሥራ መኪና በትክክል የተገጠመ የጎማ ጎሚኒ ይሻላል ባይ ነኝ።

እግሩ ተነሥቶ ሳለ ቦል ጆይንቱንም ሳይፈትሹ እንዳይመልሱት። ክሪኩን ከታችኛው አርም ሥር፣ ወደ ጎማው አስጠግተው ያንሡ፤ አለዚያ ባሩ ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው ክፍተቱ አይታይም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙ። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎትና ድገሙት፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ክፍል) ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው። በግራና በቀኝ ይዘው ሲወዘውዙ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የመሪ ቴስቲኒዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መጋጠሚያዎች) ይመልከቱ። ቦል ጆይንት ከተቀየረ ሾጣጣው ዘንግ ደርቆና ጸድቶ ነው የሚገባው፤ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ታጣፊ ሽቦ) ቀዳዳውን ካላገኘ ዳዶው እስከሚቀጥለው ቀዳዳ ይጠብቃል እንጂ ወደኋላ አይላላም።

ጥያቄ፦ ብዙ ስለምጭን ባሌስትራዬ ላይ አንድ ብረት አስጨምሬ ኋላው ከፍ ብሏል። አሁን ግን ጭኜ ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይቆልፋሉ፣ የኋላው የሚይዝ አይመስልም። ፍሬኑ ተፈትሾ ደህና ነው ተባልኩ።

መልስ፦ ብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላው አክስል ተነሥቶ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ዘንግ አለ። ቫልቩ ጭነት መኖሩን የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው። ኋላው ከፍ ካለ ባዶ ነው ብሎ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። እርስዎ ባሌስትራውን ሲያስነሡ ዘንጉ ሳይስተካከል ቀርቷል ማለት ነው። ዘንጉ ታጥፎ ወይም ዝጎ አለመድረቁን ያረጋግጡና በመኪናው መመሪያ ልክ ያስተካክሉት፤ በግምት አይታጠፍ፣ ኋላው ቀድሞ ከቆለፈ መኪናው ይዞራል።

ብረቱ ሲጨመር የድሮዎቹ ዩ ቦልቶች (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች) ተመልሰው ታስረው ከሆነም ያስቀይሯቸው። ዩ ቦልት ሲጠብቅ ይለጠጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ በእኩል ኃይል አይዝም። አዲሶቹ በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ ይጠብቃሉ፤ የመሃሉ ብሎን ራስም አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጡ ይታያል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ያጥብቋቸው።

ጥያቄ፦ የባሌስትራዬ ሁለተኛ ብረት ተሰብሯል። በያጁ በይጄ እመልሰዋለሁ ይለኛል። ይቻላል?

መልስ፦ አያስበይዱት። የባሌስትራ ብረት ጉልበቱን ያገኘው በሙቀትና በማቀዝቀዝ ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ያጠፋና ብረቱ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰበራል። ውፍረቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ብረት ይቀየርለት፤ የተሰበረውን ይዘው ሄደው በካሊፐር ያስለኩት። የሌላው ጎን ባሌስትራም የተለጠጠ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይቀይሩ፣ ካልሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የተሰበረው ሁለተኛው ሳይሆን ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው ዋናው ብረት መሆኑን ካዩ ግን መኪናውን አያንቀሳቅሱት። አክስሉን በቦታው የያዘው እሱ ነው።