ስለ ቡራቡሬው ጤና አዳም ጠይቁኝ

ቅጠሉ ላይ ነጭና ክሬም የተረጨበትን ጤና አዳም ቤቱ የተከለ ሁሉ ይጠይቅ ተብሏል። እሺ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ። እርጉዝ ሴት ደግሞ አትቅመሰው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህት፦ ጋሼ፣ ስገዛው ግማሹ ነጭ ነበር። አሁን አረንጓዴ ብቻ ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው! ጥፋትሽ መቀስ አለማንሳትሽ ብቻ ነው። ነጩ የቅጠል ክፍል ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግብ አያዘጋጅም። ስለዚህ ቡራቡሬው ቅርንጫፍ የሚያድገው ዝግ ብሎ ነው። አልፎ አልፎ ግን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቀንበጥ ብቅ ይላል። እሱ ጉልበተኛ ነው። ዝም ካልሽው ሌላውን ውጦ ቁጭ ይላል። ገና ስታዪው ከመነሻው ቁረጪው። ጫፉን ብቻ ከቀነጠብሽ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሌላም አለ። ነጩ ደምቆ የሚታየው ብርዱ ካለፈ በኋላ በሚወጣው አዲስ ቅጠል ላይ ነው። ሙቀቱ ሲገፋ አረንጓዴው ይጫነዋል፤ ይሄ በሽታ አይደለም። በየዓመቱ ውርጩ እንዳለፈ አሮጌውን ቅርንጫፍ ወደ እንጨቱ ጠጋ ብለሽ ከርክሚው። አዲሱ ቅጠል በደንብ ይወጣል። ጓንት እንዳትረሺ። ፀሐይ ላይ ሆነሽም አትከርክሚ።

የስቶክሆልሙ ወንድም፦ ውሃ በሳምንት ስንቴ ነው?

መልስ፦ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት። ደረቅ ከሆነ አጠጣ። የሳምንት ቁጥር አልሰጥም።

የቴል አቪቩ ወንድም፦ ዘሩን ብዘራው ቡራቡሬ ሆኖ ይወጣል?

መልስ፦ አብዛኞቹ ቡራቡሬ ተክሎች መልካቸውን በዘር አያወርሱም። ይሄኛው ግን ደህና አድርጎ ያወርሳል። መሀል ላይ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ የሚበቅል ካለ ነቅለህ ጣለው። እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ትከል። አበባ ያልያዘ ቀንበጥ ምረጥ፤ አንድ ጣት የሚያህል ይበቃል። የታችኛውን ቅጠል አንሳና አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሰካው። ሥር እስኪይዝ ቀጥታ ፀሐይ አይምታው። ከዚያ በኋላ ግን የጠራ ፀሐይ ስጠው።

አንዲት እናት፦ ይቅርታ፣ ይሄ የፈረንጅ ነው እንጂ የእኛ ጤና አዳም አይደለም። ቡና ላይ አይሆንም።

የስቶክሆልሙ ወንድም፦ እትዬ፣ እኛ ቤት ቡና ላይ እሱ ነው የሚቀርበው። ቅጠሉን ነክረን እናወጣዋለን።

አንዲት እናት፦ ቅጠሉንማ ማን አጣው፤ ፍሬው ነው ቁም ነገሩ። ፍሬው የሌለበት በርበሬ ምኑ በርበሬ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህት፦ እኛ ጋ በርበሬ ውስጥ ኮረሪማ እንጂ...

መልስ፦ በርበሬውን ሌላ ቀን! ሁለቱም ጤና አዳም ናቸው፤ ዝርያቸው ነው የሚለየው። በአገር ቤት ጓሮ የምናውቀው ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል። አውሮፓና አሜሪካ የሚሸጠው ቡራቡሬ ደግሞ የሩታ ግራቬኦሌንስ ወገን ነው። መለየት የፈለገ ሲያብብ ይጠብቅ። የእኛው ቢጫ አበባ ዳሩ እንደ ጋቢ ዘርፍ በቀጫጭን ክሮች የተከበበ ነው። የፈረንጁ ሞገድ ሞገድ ይላል እንጂ ያ ዘርፍ የለውም። ሽታቸው ይቀራረባል፤ ጥንቃቄያቸውም አንድ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ተክሌ ታሞብኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ሆነ? ቢጫ ሆነ? ጠወለገ? ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ አለው? ይህን ሳልሰማ ምን ልበል? ለማንኛውም ውሃ ማጠጣቱን አቁም።

የፍራንክፈርቷ እህት፦ ቲሸርት ለብሼ ስከረክም ውዬ በሁለተኛው ቀን ክንዴ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። አለርጂ ነው?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምጮኸው ለዚህ ነው! የግድ አለርጂ መሆን የለበትም፤ ማንንም ይይዛል። ጭማቂው ውስጥ ፉራኖኮማሪን የሚባል ነገር አለ። ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ወዲያው ስለማይታይ ሰው ምክንያቱን አይጠረጥርም፤ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ቁስሉ ሲድን የሚተወው ጥቁር ምልክት ወራት ሊቆይ ይችላል። ጭማቂው ሲነካሽ ወዲያው በሳሙና ታጠቢ፤ ቦታውንም ከፀሐይ ሸፍኚ። የቋጠረውን አታፍርጪው። ከሰፋ ሐኪም ይየው። ጓንትና ረጅም እጅጌ አድርጉ፤ ከተቻለ ማታ ቁረጡ።

አንድ አባት፦ ለልጄ የሆድ ቁርጠት ስንት ቅጠል ላፍላ?

መልስ፦ ሐኪም አይደለሁም። እናቶቻችን ይሰጡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለሕፃን ግን መጠን አልናገርም። ሕፃኑን ሐኪም ጋ ይውሰዱት። እርጉዝ ሴት ደግሞ ጨርሶ አትጠጣው፤ ማህፀን ያኮማትራል፣ ሊያስወርድም ይችላል።

የዳላሱ ወንድም፦ ጥቁር መስመርና ቢጫ ነጠብጣብ ያለው አረንጓዴ አባጨጓሬ እየጨረሰብኝ ነው። ምን ልርጭበት?

መልስ፦ ምንም። ቢራቢሮ ይሆናል። አንዱን ቅርንጫፍ ተውለት።

ሌላ እህት፦ የእኔስ ለምን አረንጓዴ ብቻ ሆነ?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ።

የስቶክሆልሙ ወንድም፦ ክረምቱን በረንዳ ላይ ይችለዋል?

መልስ፦ መሬት ላይ ቢሆን የፈረንጁ ዝርያ ውርጭ ይችላል፤ የእኛው ግን እንደሱ አይችልም። ዕቃ ውስጥ ግን ሥሩ ቶሎ ይበርደዋል። ግድግዳ አስጠጋውና ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልለው። ቤት ካስገባኸው ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፈልግለት፤ ከማሞቂያው አርቀው፤ ውሃውንም ቀንስ።