«እህቴ የተወችልኝን ልጆች ማሳደጊያ ላስገባቸው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። እህቴ በሰኔ አረፈች፤ ባሏ ከእሷ በፊት ነው የሞተው። ሁለት ልጆች ትታልኛለች። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ገና 2 አልሞላትም። የራሴም አንዲት ልጅ አለችኝ። ሁላችንም ሽምብጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነን። ጎረቤቶቼ «ማሳደጊያ አስገቢያቸው፣ ትምህርቱም ልብሱም እዚያ አለ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ለፈረንጅ ይሰጡብሻል» ብላ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?
ቡና ሻጯ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ነፍስ ይማር። አንቺ ልበልሽ፣ በዕድሜ ልጄ ነሽ።

መጀመሪያ እናትሽን እናረጋጋ። ፓርላማው ጥር 2010 ላይ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። በዚህ በኩል እንቅልፍ አትጡ።

እኔ እዚሁ ከተማ በአንድ ማሳደጊያ 14 ዓመት የቤት እናት ነበርኩ። ጎዳና ይቀሩ የነበሩ ልጆች አሳድገናል፣ ሥራውን አላማም። ግን አንዱ ልጃችን 18 ሞልቶት ወጣ። በሳምንቱ በሩ ላይ አገኘሁት፣ በፌስታል ሩዝ ይዟል። «እማዬ፣ ለአንድ ሰው ስንት ስኒ ይበቃል?» አለኝ። ተራው ሲደርስ ለ30 ልጅ ሲበስል አብሮ ያግዝ ነበር። የ30ውን ልክ ያውቃል፣ የአንዱን አያውቅም። ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደሚሸጥም ጠይቆ አያውቅም። ሲያመው የሚደውልለት አጎት፣ ለሠርግ የሚጠራው ዘመድም የለውም። ሩዙን አስለክቼ ሰደድኩት፤ ሌላውን ከየት ላምጣለት?

በትንሿ ላይ ደግሞ ጠበቅ እላለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ሩማኒያ ውስጥ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን የያዘ ጥናት ተጀመረ። ገሚሶቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ከነሱም ይበልጥ ያገገሙት 2 ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ናቸው። እንደዚሁ በፈረንጆቹ 2009 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያም ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቤተሰብ ውስጥ ይያዝ፣ እህትና ወንድም አይለያዩ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ መነጠያ አይሁን ይላል። ከደብዳቤሽ እንዳየሁት የጎደለሽ ብር ነው።

ስለዚህ ቀበሌ ሂጂ። ሴቶችና ሕፃናትን የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። «ውሰዱልኝ» አትበዪ፤ «እኔው ጋ እንዳሉ አግዙኝ» በይ። ልጁን ቤቱ እንዳለ በደብተርና በአስቤዛ፣ አሳዳጊዋን ደግሞ በመነሻ ገንዘብ የሚረዱ ድርጅቶች አሉ። መመላለሱ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው ይሉሻል። በማግስቱ ተመለሺ። የሞግዚትነት ማስረጃም ከፍርድ ቤት አውጪ። አያት ካልቻለች የቤተሰብ ሕጉ አክስትንም ያውቃታል።

ጭራሽ አልሆን ካለሽ፣ ከማስገባትሽ በፊት ግቢውን ዞረሽ እዪ። ሁሉም አንድ አይደለም። እንደ ኤስ ኦ ኤስ መንደር በአንዲት እናት ሥር ጥቂት ልጆች እንደ ቤተሰብ የሚያድጉበት አለ፤ አልጋ በአዳራሽ የሚደረደርበትም አለ። ሁለቱን አብረው ይይዟቸዋል? ለበዓል ወደ አንቺ ይለቋቸዋል? ካሁን ቀደም የወጡት ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ለዚህ ለመጨረሻው መልስ ካጡ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ።

ካስገባሻቸው ደግሞ አትጥፊ። እሑድ በማለዳ ጫማውን አጥቦ በር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበረን። አክስቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላው ነበር። ሦስት ፋሲካ ጫማውን አጠበ። እሑድ ሐይቁ ዳር ገበያሽ የሚደራበት ቀን እንደሆነ አይጠፋኝም። ግድ የለም፣ ማክሰኞ ይሁን። ቀኑን ግን አትቀያይሪባቸው።