ከቻፕሊን ጎን ለመቆም ላሰበ ወጣት

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስምህ እንዳይጠቀስ ስለጠየቅህ አልጠቅሰውም፤ ለሌሎች አንባብያን ግን ጉዳይህን ባጭሩ ላስቀምጥ። ዕድሜህ ሃያ ሁለት ነው። ከወላጆችህ ጋር በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥተህ ሜሪላንድ ትኖራለህ፤ በሥራ ቀናት መጋዘን ውስጥ ትሠራለህ፤ እሑድ በዲቁና ታገለግላለህ። የአሜሪካ ምድር ጦር መልማይ ካሳየህ የሥራ ዘርፎች መካከል የቻፕሊን፣ ማለትም የሠራዊት የሃይማኖት አገልጋይ፣ ረዳትነት ልብህን ስቦታል። እናትህ ጦር የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። አንተ ደግሞ «ጠመንጃ ከመያዝ ድኜ እግዚአብሔርንም አገሪቱንም የማገለግልበት፣ ውሎ አድሮም ራሴ ቻፕሊን የምሆንበት መንገድ ይመስለኛል፤ ትክክል ነኝ?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

በሁለቱም ነጥብ ትክክል አይደለህም። ይህን የምልህ ሐሳቡን እንድትተወው አይደለም፤ ሥራው እጅግ የከበረ ሥራ ነው። የሚከበርበት ምክንያት ግን አንተ ከጠበቅኸው የተለየ ነው።

ከጠመንጃው ልጀምር። ቻፕሊን በሠራዊቱ ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ ይዞ የሚያገለግል ቄስ፣ ፓስተር፣ ራቢ ወይም ኢማም ነው። መኮንን ቢሆንም ተዋጊ አይደለም፤ መሣሪያም አይታጠቅም። የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች ከለላ ይሰጡታል፤ ጠላት ቢይዘው እንኳ እንደ ማንኛውም የጦር ምርኮኛ አይቆጠርም፣ ለተማረኩት ወታደሮች አገልግሎቱን እንዲቀጥል ይደነግጋሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ረዳቱ ግን ከዚህ ከለላ ውጭ ነው። ረዳቱ እንደማንኛውም ወታደር ተዋጊ ነው፤ ቢያዝም የጦር ምርኮኛ ነው። በአንድ ሻለቃ ውስጥ የሃይማኖት አገልግሎቱ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ቻፕሊን እና አንድ ረዳት። ቻፕሊኑ ባዶ እጁን ስለሚሄድ በቡድኑ ውስጥ ያለው ብቸኛ ጠመንጃ በረዳቱ እጅ ያለው ነው። ጉዞ ሲኖር መንገዱን የሚያጠናው፣ መኪናውን የሚያሽከረክረው፣ ተኩስ ሲከፈት ቻፕሊኑን ወደ ከለላ አስገብቶ አጸፋውን የሚመልሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያ ለመሸሽ ይህን ዘርፍ የሚመርጥ ሰው፣ ሌላ ሰው በሕይወቱ የሚታመንበትን መሣሪያ ሊሸከም ነው የሚሄደው።

የእናትህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። በጁላይ 2010 ክሪስቶፈር ስታውት የሚባል የቻፕሊን ረዳት አፍጋኒስታን ካንዳሃር ውስጥ ተገደለ። በዚያው ዓመት በኦገስት 30 ደግሞ ቻፕሊን ዴል ጌትስ እዚያው ካንዳሃር አካባቢ በመንገድ ዳር ፈንጂ ከአራት ወታደሮች ጋር ሞተ፤ ከቬትናም ጦርነት ወዲህ በውጊያ የተገደለ የመጀመሪያው የምድር ጦር ቻፕሊን ነበር። ለእናትህ «ጸሎት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው» ብለህ አታጽናናት። እውነቱን ንገራት፤ ከዚያ በኋላ ብትመርቅህም ብትከለክልህም ያወቀችውን አውቃ ትሁን።

ዲያቆን በመሆንህ ደግሞ ጉዳዩ እጥፍ ይከብድብሃል። መሣሪያ ታጥቆ፣ ካስፈለገም ሰው ላይ ተኩሶ፣ ከዚያ ወደ መቅደስ መመለስ በክህነትህ ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚነግርህ የንስሐ አባትህ እንጂ የሙያ አማካሪ አይደለም። መልማዩ ይህን አያነሣልህም፤ ማንሣቱም ሥራው አይደለም። ወረቀቱ ላይ ከመፈረምህ በፊት አንተ ራስህ ሄደህ የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው። ሕሊናህ መሣሪያን ጨርሶ እምቢ የሚል ከሆነ ሠራዊቱን ራሱን ተወው፤ በሠራዊቱ ውስጥ መሸሸጊያ አትፈልግ።

ሕሊናህ ከፈቀደልህ፣ ስለ ቻፕሊንነት ከማንሣቴ በፊት ወደ ሌላ ነገር እንለፍ። እኔ ከሁሉ በላይ የምጓጓለት ይህኛው ነው፤ የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነውና። አንተ የምታገለግለው የራስህን ሃይማኖት ሳይሆን የሌላውን ሰው ነው። ወታደር ታዝዞ በሚሰፍርበት በረሃ ወይም ደሴት የፈለገውን ቤተ እምነት መርጦ መሄድ አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ ግን እምነቱን በነፃነት የመከተል መብት ሰጥቶታል። ቻፕሊን የሚቀጠረው ይህ መብት እንዳይጠፋ ነው። የራሱ ሃይማኖት የሚፈቅድለትን ሥርዓት ራሱ ይፈጽማል፤ የማይፈቅድለትን ደግሞ የሚፈጽም ሌላ ሰው ፈልጎ ያቀርባል። ይህን ፈልጎ የማቅረብ ድካም አብዛኛው በረዳቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አይሁዳዊቷ ወታደር ለፋሲካዋ የሚሆን ኮሸር (በሃይማኖቷ ሕግ የተፈቀደ) ምግብ በጊዜው እንዲደርሳት የሚጽፈውና የሚደውለው ረዳቱ ነው። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያፈጥሩት ምግብ እንዳያጡ ከወጥ ቤቱ ኃላፊ ጋር የሚነጋገረው፣ የካቶሊክ ቄሶች በሠራዊቱ ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ ለቅዳሴ ከሌላ ክፍል ቄስ የሚመጣበትን መጓጓዣ የሚያመቻቸው እርሱ ነው። ምንም እምነት የለኝም የሚለው ወታደርም ያንኑ በር ያንኳኳል፤ የሚቀበለውም ፊት ያው መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘኸው የመጣኸው ሀብት አለህ። በብዙ ሰፈሮቻችን ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ ለብቻ ይቀርብላቸዋል። ደጋሹ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ እንግዳውም ሳይሳቀቅ በልቶ መርቆ ይሄዳል። ይህን እያየህ ካደግህ የሥራውን ግማሽ ታውቃለህ። በአንጻሩ ጓደኞችህን ወደ ራስህ እምነት ለማምጣት የምትጓጓ ከሆነ፣ ወይም የሌላውን ጸሎት ምንጣፍ ማንጠፍ ኃጢአት መስሎ የሚታይህ ከሆነ፣ ይህ ዘርፍ አንተንም ወታደሮቹንም ይጎዳል። ረዳቱ አይሰብክም፤ አይቀድስም፤ በካህን ደረጃም ምክር አይሰጥም።

ቀኑ እንዴት እንደሚውልም ልንገርህ። ሰላም በሆነበት ጦር ሰፈር አብዛኛው የቢሮ ሥራ ነው፤ ቀጠሮ መያዝ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ንዋያትና መጻሕፍት ማዘዝ፣ አዳራሽ ማሰናዳት፣ የቤተ ጸሎቱን መባ በደንቡ መሠረት ቆጥሮ ማስረከብ። ሜዳ ላይ ሲወጣ ያው ቢሮ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በኦክቶበር 7፣ 1950 የተነሣ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ። ቻፕሊን ኤሚል ካፓውን የጂፕ መኪና ኮፈን ላይ መሠዊያ አዘጋጅቶ ሲቀድስ፣ ረዳቱ አጠገቡ ተንበርክኮ ይታያል። ካፓውን በሚቀጥለው ዓመት በምርኮ እስር ቤት ሞተ፤ በ2013 የአገሪቱ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው። የረዳቱን ስም የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው የሥራህ ፍሬ በሌላ ሰው ስም ይመዘገባል። ይህ ቅር የማይልህ መሆንህን ራስህን ጠይቅ።

ስለ ምስጢር ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ተራ ወታደር ችግር ሲገጥመው በቀጥታ ወደ መኮንኑ ቢሮ መግባት ይፈራል፤ በመጀመሪያ የሚያናግረው በማዕረግ የሚቀርበውን ረዳቱን ነው። ትዳሩ እየፈረሰ ያለ፣ ከውጊያ ተመልሶ እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር የሚናገረው በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ለአንተ ነው። በአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች የማስረጃ ደንብ ቁጥር 503 መሠረት አንድ ሰው እንደ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ወይም እንደ ሕሊና ጉዳይ ለቻፕሊኑ በምስጢር የነገረው ነገር የተጠበቀ ነው፤ ጥበቃው ለረዳቱ የተነገረውንም ይጨምራል። ተራ ጨዋታ ግን በዚህ አይሸፈንም፤ ልዩነቱን በሥልጠና ትማራለህ፣ አዛዥህ ስለ አንድ ወታደር ሲጠይቅህም የምትመልሰውን አስቀድመህ ከቻፕሊኑ ጋር ትነጋገራለህ። ሕጉ የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ ትልቁ ፈተና ያለው ከፍርድ ቤት ውጭ ነው። እኛ ኅብረተሰብ ቡና ተፈልቶ የሰው ጉዳይ ሲነሣ ዝም የሚለውን ሰው እንደ ኩሩ እናየዋለን። አንተ ያ ዝም የሚለው ሰው መሆን አለብህ፤ ለቅርብ ጓደኛህም፣ ለሚስትህም፣ ሥራውን ከለቀቅህ በኋላም። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ሰው በተመለከተ ደግሞ ዝም ማለትና ብቻውን መተው አንድ አይደሉም፤ አብረኸው ተቀምጠህ ወደ ቻፕሊኑ ወይም ወደ ሐኪም እንዲሄድ ማግባባትና እጁን ይዘህ መውሰድ ያንተ ሥራ ነው።

ወታደር ሲሞትም የመታሰቢያውን ሥነ ሥርዓት ከሚያሰናዱት አንዱ ትሆናለህ። ቡት ጫማው፣ አፈሙዙ ወደ ታች የተተከለው ጠመንጃ፣ ሄልሜቱና የአንገት መታወቂያው በቦታቸው መኖራቸውን ታያለህ፤ የሟቹ ስም በወረቀቱ ላይ በትክክል መጻፉን ታረጋግጣለህ። ስም ሲጠራ ሟቹ መልስ የማይሰጥበት ያ ቅጽበት ሲመጣ ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ አንተ ሥራ ላይ ነህ። ሟቹ ጓደኛህም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሸክምህን የምትነግረው ሰው ከአሁኑ ይኑርህ።

ሥልጠናውን ባጭሩ ልንገርህ። ዘርፉ 56ኤም ይባላል፤ የቻፕሊን ረዳትነት በደንብ ከተቋቋመበት ከ1909 ጀምሮ በነበረው ስሙ ብዙ ሰው ቢጠራውም፣ በምድር ጦር ውስጥ አሁን ይፋዊ መጠሪያው የሃይማኖት ጉዳዮች ባለሙያ ነው። አስቫብ በሚባለው የመግቢያ ፈተና የጽሕፈት ሥራ ክፍል 90 ነጥብ ይጠይቃል። እንግሊዝኛህን በመጋዘን ሥራ ብቻ ካዳበርኸው የንባቡን ክፍል አጥብቀህ አጥና። እንደማንኛውም ወታደር የአሥር ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ወስደህ፣ ከዚያ ደቡብ ካሮላይና ፎርት ጃክሰን ሰባት ሳምንት ያህል የሙያውን ትማራለህ። ባሕር ኃይልና አየር ኃይልም ተመሳሳይ ዘርፍ አላቸው። የባሕር ኃይሉን ከመረጥህ ግን ማሪን ኮር የሚባለው የባሕር እግረኛ ጦር የራሱ ቻፕሊን ስለሌለውና የባሕር ኃይሉ ስለሚያገለግለው ከማሪኖች ጋር ሜዳ ልትወጣ እንደምትችል እወቅ።

ቻፕሊን ስለመሆን ያልኸው ሌላ መንገድ ነው። ረዳትነቱ በማዕረግ እያደገ ወደ ቻፕሊንነት አይወስድም። ቻፕሊን ለመሆን የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ በላይ 72 ክሬዲት ያለው የነገረ መለኮት ትምህርት፣ እንዲሁም በመከላከያ ሚኒስቴሩ ዘንድ ከታወቀ የሃይማኖት አካል የሚሰጥ የድጋፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ረዳትነቱ የሚጠቅምህ ሥራውን ከውስጥ ስለሚያሳይህና ጂአይ ቢል የሚባለው ጥቅም እስከ 36 ወር ትምህርት ስለሚከፍልልህ ነው። ቤተ ክርስቲያንህ ማረጋገጫውን መስጠት የምትችል መሆኗን ግን ዛሬውኑ አጣራ፤ ከስድስት ዓመት ትምህርት በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ዓላማህ በዋናነት ከሠራዊት ስትወጣ ቶሎ ሥራ የሚያስገኝ ሙያ ከሆነ በግልጽ ልንገርህ፤ ይህ ዘርፍ በሲቪሉ ዓለም አቻ የለውም ማለት ይቻላል። የቢሮ አስተዳደር፣ የዝግጅት ማስተባበር፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ልምድ ይሰጥሃል፤ ትምህርት ካከልህበት ወደ ሶሻል ወርክ ጥሩ መግቢያ ነው። የእንጀራ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ግን የሕክምና ወይም የኮምፒውተር ዘርፍ ብትመርጥ ይሻልሃል።

ወረቀቶቹን በተመለከተ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሠራዊቱን መቀላቀል ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻ ክፍያም ለወታደር የለም። ምስጢራዊ የመንግሥት መረጃ የማየት ፈቃድ የሚጠይቁ ዘርፎች ግን ለዜጎች ብቻ ስለሆኑ፣ 56ኤም ዛሬ ላንተ ክፍት መሆኑን መልማዩ በጽሑፍ ያሳይህ። ማንኛውም የመጀመሪያ ውል በጠቅላላው የስምንት ዓመት ግዴታ አለው፤ ስንቱ በሙሉ ጊዜ፣ ስንቱ በተጠባባቂነት እንደሆነ አንብበህ ተረዳ። ከዚያ በፊት ግን መልማዩን አንድ ነገር ለምነው፤ ፎርት ሚድ የሚባለው ጦር ሰፈር ለአንተ ቅርብ ነው፣ እዚያ በሥራ ላይ ካለ የቻፕሊን ረዳት ጋር ያገናኝህ። ስታገኘው ስለ ደመወዙ ሳይሆን በዚህ ወር በሩን ስላንኳኩት ሰዎች ዓይነት ጠይቀው፤ ስማቸውን ቢነግርህ ሥራውን የማያውቅ ሰው ነውና ሌላ ፈልግ። የዘርፉ ቁጥር በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አትፈርም፤ «በኋላ ይስተካከላል» የሚል የቃል ተስፋ አያስገድዳቸውም።