መልስ፦ ከምሳ በኋላ ያለው ባዶ ሰዓት

ወንድሜ፣ ተመርቀህ ያለ ሥራ ስምንት ወር ቤት መቀመጥህን፣ ከምሳ በኋላ መሰልቸቱ ሲበረታብህ ጫት ከሚቅሙ ጓደኞችህ ዘንድ ራስህን እንደምታገኘው ጽፈሃል። «ስንፍና ነው ወይስ ሱስ?» ላልከው፣ ስንፍና አልለውም። ሥራ ባጣሁበት ዓመት እኔም እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ።

ጫት ድብርቱን ያባረረ ይመስላል እንጂ ለነገ ያሳድረዋል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃቃል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናው ሲወርድ ትካዜ ይተካል፤ እሱን ለመስበር ብዙዎች ወደ መጠጥ ይሄዳሉ። ሌሊቱ ሲጋመስ የተኛ ሰው ረፋዱ ላይ ይነሳል። ጠዋቱ ጠፍቶበታል፤ የሚቀረው ያው ክፉ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ቀኑን በሙሉ ለማስተካከል አትድከም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የት እንደምትሆን ብቻ አስቀድመህ ወስን፤ የሚጠብቅህ ሰው ይኑር። ለብቻ የተያዘ ዕቅድ በቀላሉ ይፈርሳል። እኔን ያወጣኝ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ነበር። ክፍያው የታክሲ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ግን አራት ልጆች ደብተር ይዘው በር ላይ ሲጠብቁህ መቅረት አይቻልም።

ጓደኞችህን አትሽሻቸው፤ ጠዋት ቡና ላይ አግኛቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንቅልፍ፣ በድካምና በንጭንጭ ያልፋሉ፤ አትደንግጥ። ትካዜው ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀህ፣ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።