ካርዱ ሲሰካ ይሠራል፣ ሲጠጋ ግን እምቢ ይላል

ጥያቄ፦ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካፌ አለኝ። ባንኮኒውን በማይዝግ ብረት ካስለበጥኩ ወዲህ ፖስ ማሽኑ ካርድ ሲጠጋለት አልቀበል እያለ አስቸገረኝ። ሲሰካ ይሠራል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ሲሰካ ከሠራ መስመሩም የደንበኛው ሂሳብም ደህና ነው። እኛ አገር ሁሉም ነገር በ«ኔትወርክ የለም» ይሳበባል፤ ይሄኛውን ግን ኔትወርኩ አላደረገውም። እኔ የምጠረጥረው አዲሱን ባንኮኒ ነው።

ካርዱ ባትሪ የለውም። በላስቲኩ ውስጥ ዳር ዳሩን የዞረ በጣም ቀጭን ሽቦ አለ። ማሽኑ በ13.56 ሜጋኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ ይለቃል፤ ሽቦው ከዚያ ኃይል ወስዶ ቺፑን ያስነሳል። ይህም የሚሆነው በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ነው። ማሽኑ ብረት ላይ ከተቀመጠ ግን ብረቱ መስኩን ያዳክመዋል፤ ለካርዱ የሚተርፈው ቺፑን ለማስነሳት አይበቃም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማሽኑን ከባንኮኒው አንድ ስንዝር አንስተው በእጅዎ ይያዙና ካርድ ያስጠጉ። «ጢጥ» ካለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። አናጺ ጋ ሄደው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የእንጨት ማስቀመጫ ያሠሩለት። ወፍራም ፕላስቲክም ይሆናል። ሌላ ወጪ አያውጡ።

በእጅ ተይዞም እምቢ ካለ አጠጋጉን ይዩ። መስኩን የሚለቀው አንቴና አንዳንዱ ማሽን ላይ ስክሪኑ ሥር ነው፣ ሌላው ላይ ወረቀቱ የሚወጣበት አካባቢ። አራት ቅስት መስመሮች ያሉበትን ምልክት ይፈልጉ። ካርዱም ላይ ያው ምልክት ከሌለ መሰካት ብቻ ነው ያለው። ደንበኛው ካርዱን እንደ ዝንብ ማባረሪያ ካወዛወዘው አይነበብም፤ ድምፁ እስኪሰማ ዝም ብሎ ይያዘው። ከነቦርሳው ማስጠጋትም ይቅር፤ ሁለት ካርዶች እኩል ሲመልሱ ማሽኑ ግራ ይገባዋል።

የአንድ ሰው ካርድ ብቻ ካስቸገረ ችግሩ የካርዱ ነው። አንገት ላይ ሊያንጠለጥሉት የሚበሱት አሉ። ቀዳዳው ሽቦውን ከበጠሰው ማስጠጋቱ ያበቃል፣ መሰካቱ ግን ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የብዙ ሰው ካርድ እምቢ ካለ የማሽኑ አንቴና ሄዷል፤ ለሰጠዎት ባንክ ይመልሱት። ሰፈር ያለ ጠጋኝ ግን እንዳይከፍተው። ማሽኑ መከፈቱን ሲያውቅ የምስጢር ቁልፎቹን፣ ማለትም የክፍያ መረጃ የሚቆልፍባቸውን ኮዶች፣ ራሱ ያጠፋል፤ ያኔ መሰካቱንም ያጡታል።